ከፎቶው ጀርባ ያለው ማህተም

ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሐሙስ

ይህን አጀንዳ መሥሪያ ቤት ሳለሁ ነበር ያደሉን፤ የ2009 ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ባዶውን ተኛ። ቀኖቹ ባይገጥሙም ወረቀቱ ጥሩ ነው። መዝገብ ቤት ሃያ ሰባት ዓመት የሠራ ሰው ጥሩ ወረቀት መጣል አይሆንለትም።

ዛሬ ጠዋት ልጄ ራኒያ ወደ ባንኳ ከመሄዷ በፊት ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። ዳንቴል ከምንሸጥበት የኢንተርኔት ገበያ ደብዳቤ መጥቷል። ገጻችን ላይ ካሉት ሃያ ስድስት ፎቶዎች አሥራ ዘጠኙ ተነስተዋል። ባለቤቶቻቸው ሳይፈቅዱ የተወሰዱ ናቸው ይላል። እስከ ነሐሴ 30 ድረስ ሁሉንም ራሳችን ባነሳናቸው፣ ወይም አንሺው በጽሑፍ በፈቀደልን ፎቶ ካልተካን ገጹ ይዘጋል፤ ሁለተኛም አይከፈትም።

እውነታቸውን ነው። ከየኢንተርኔቱ የለቀምነው እኔና ልጄ ነን። የእኛን የሚመስል ዳንቴል ስናገኝ መውሰድ ነበር። ራኒያ «እማዬ፣ ሁሉም እንደዚህ ነው የሚሠራው» ስትለኝ ማመን ስለፈለግሁ አመንኳት።

በገጹ የሚሸጡት ስምንት ሴቶች ናቸው። ሁሉም የድሮው ልደታ ልጆች። ሰፈሩ ሲፈርስ አንዷ ጀሞ ደረሳት፣ አንዷ የካ አባዶ፣ ሌላዋ እንደኔ እዚሁ ኮንዶሚኒየም። ከተበታተንን በኋላ መልሶ ያገናኘን ነገር ቢኖር ይሄ ገጽ ነው። ለአንዳቸውም አልነገርኩም።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ከከሰሱን አንዷ ፈረንጅ ናት። የጻፈችውን ራኒያ ተረጎመችልኝ። በፎቶው ላይ ያለው ጠረጴዛ የእናቷ ነው። የጠረጴዛ ልብሱንም በእጇ የሠራችው እናቷ ናት፣ አምና ሞታለች። መጨረሻ ላይ «እባካችሁ መልሱልኝ» ትላለች።

ፎቶ እንዴት ይመለሳል? ቢሆንም ገባኝ። የሰው እናት ቤት ገብተን ጠረጴዛዋን ገበያ አውጥተነዋል። ራኒያ «ሶሪ በያትና እለፊው» አለች። እኔ ግን ቁጭ ብዬ ይቅርታውን በአማርኛ ጻፍኩና ቃል ሳትቀንስ እንድትተረጉመው አደረግሁ። ቀኑን ሙሉ እጄ ሥራ አልያዘልኝም።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

እትዬ ኡሙልኸይር ዘንድ ሄድኩ። ከኛ ሁለት ብሎክ አልፎ ምድር ቤት ነው የሚኖሩት። ሁላችንንም ዳንቴል ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ግራ ዓይናቸው ከጠፋ ቆየ፤ ቀኙም ሞራ እየወረደበት ነው። አሥራ አንድ ወር የሠሩት የአልጋ ልብስ ሊያልቅ አንድ ክንድ ቀርቶታል። ከሱ ወዲያ አልሠራም ብለዋል። አሁን እንኳ የሚሠሩት በጣታቸው እየቆጠሩ ነው፣ ፊታቸው ወደ ጣሪያ ዞሮ።

የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው። የአልጋ ልብሱን የሚገዛው ሰው አልጋው ላይ ካነጠፈ በኋላ ፎቶ አንስቶ እንዲልክላቸው።

«ዓይኔ ሳይዘጋ የገባበትን ቤት ልየው» አሉኝ።

ገጹ ሊዘጋ ነው ልላቸው ነበር የሄድኩት። ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ፎቶ ስናነሳ ዋልን። ዝናብ። መብራት ሁለቴ ሄደ። ነጩ ዳንቴል በስልኬ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። በፍላሽ ደግሞ ቀዳዳው ሁሉ ይደፈንና የተለሰነ ግድግዳ ይመስላል። ራኒያ በረንዳ ላይ ሰቀለችው፤ ከኋላው የጎረቤት ጀሪካንና የታጠበ ሱሪ ገባበት።

ብርሃኑ ከጎን ነው መምጣት ያለበት አልኳት። ከፊት ከመጣ ክሩን ይገድለዋል። ከጎን ሲመጣ ጥላው ዳንቴሉን ያወጣዋል። የደረጃው መስኮት አጠገብ ወስደን ሞከርነው። እውነትም ወጣ፣ ክሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ራኒያ «አራዳ ነሽ እኮ! ማን አስተማረሽ?» አለችኝ። የሰማሁት ነው አልኳት።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

ክር ልገዛ ወጣሁ። በፍርድ ቤቱ በር በኩል አሥር ደቂቃ ነው፤ እኔ ግን በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ዞሬ ነው የምሄደው። በፍርድ ቤቱ በኩል ጭቃ ነው።

ለማንም የተፈቀዱ ነጻ ፎቶዎች ያሉበት ድረ ገጽ አለ ብላ ራኒያ መቶ ያህል አሳየችኝ። ያምራሉ። የኛ ሴቶች ዳሩ ላይ የሚያወጡት ጥርስ ጥርስ ግን አንዱም ላይ የለም፤ ደንቡም የሚሸጠው ዕቃ ራሱ ይታይ ይላል። አምና አንዲት ደንበኛ «ፎቶውና የመጣልኝ ዘመዳሞች እንኳ አይደሉም» ብላ ጽፋብን የለ። ከዚያ ደግሞ ራኒያ ኮምፒውተሩ ራሱ ፎቶ ይፍጠርልን አለች። እሱማ ያልተሠራ ዳንቴል መሸጥ ነው አልኳት።

የደረጃው መስኮት ፎቶዎች ደህና ናቸው። ግን ገጹ ቀዝቅዟል። የሚጠይቅም የለም።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ከአልጋ ሥር የእናቴን ሻንጣ ጎትተን አወጣን። የድሮ ዳንቴል ካለ ንድፉን እንየው ብለን ነው። ዳንቴሉን አይጥ በልቶታል። ከሥሩ ግን ኤንቨሎፕ ወጣ፣ አሥራ አራት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ያለበት።

ምን ልበል። ቤታችን እዚያ ውስጥ ነበር። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ጋዜጣ፣ ዳንቴል የለበሰው ሬዲዮን፣ የእናቴ ብፌ፣ ብፌው ላይ ማንም ጠጥቶባቸው የማያውቅ ስድስት ብርጭቆዎች፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ክብ ዳንቴል ላይ። እትዬ ኡሙልኸይር በአርባ ዓመታቸው ደጃፋቸው ላይ ቆመው፣ የጠረጴዛ ልብስ በሁለት እጃቸው ዘርግተው፣ ሁለቱም ዓይናቸው ይስቃል። ከኋላቸው ቦኖው ይታያል። እዚያ ቦኖ ላይ ወረፋ ይዘን ነው ዳንቴል የተማርነው። አንድ ጀሪካን እስኪሞላ ስንት ረድፍ እንደሠራን እንወዳደር ነበር። ብዙ ጊዜ አንደኛ እኔ ነበርኩ። አሁን ሳስበው ጎበዝ ሆኜ ሳይሆን የእናቴ ጀሪካን ትልቅ ስለነበር ነው።

ቦኖው የነበረበት ቦታ ዛሬ የብሎካችን መኪና ማቆሚያ ነው። ወርጄ ቆሜበት ተመለስኩ። ዘበኛው የጠፋኝ ዕቃ እንዳለ ጠየቀኝ፤ የለም አልኩት።

የፎቶዎቹ ጥራት ይገርማል። ብርሃኑ ሁሌም ከጎን ነው የገባው። ራኒያ ሁሉንም ፊትና ጀርባ በስልኳ ስካን አደረገች። ጀርባው ለምን ይሆናል ስላት፣ የደበዘዘው ማህተምና የእጅ ጽሑፉ ያምራል፣ ከፎቶው ቀጥሎ አስገባዋለሁ አለች። እኔ ጀርባቸውን አላየሁም። ማየት አያስፈልገኝም።

ሐምሌ 23፣ ረቡዕ

ፎቶዎቹ ወጡ። ከአዲሶቹ ዳንቴሎች ጎን ለጎን፣ «ያኔና አሁን» ተብሎ።

ለእያንዳንዱ ፎቶ ማን እንዳነሳው የሚሞላ ቅጽ አለ። ራኒያ በአሥራ አራቱም የእኔን ስም ሞላች። ቤቱ የናንተ፣ እናትየው የአንቺ፣ ፎቶውንም ያሳተመችው እናትሽ፣ ታዲያ የማን ሊሆን ነው አለችኝ። ደግሞ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ማን ይጠይቃል። ድንች እየላጥኩ ነበር። ዝም አልኩ።

ሐምሌ 27፣ እሑድ

ገጹ ነፍስ ዘራ። አንዱ «የኛም ሬዲዮን እንዲህ ነበር የሚለብሰው፤ አባቴ ዜና ሲጀምር ብቻ ነው የሚገልጠው» ብሎ ጽፏል። ሌላው «ያቺን ቦኖ! ግንባሬ ላይ ያለው ጠባሳ የሷ ነው» ይላል። ሰዎች ልክ እንደ ብፌው ያለ ስድስት ክብ ዳንቴል ይሠራልን እያሉ ነው። የጀሞዋም የየካ አባዶዋም ደውለው አለቀሱ። እኔም አብሬ አለቀስኩ፣ ደስ እያለኝ።

ለእትዬ ኡሙልኸይር አስተያየቶቹን አነበብኩላቸው። ፎቷቸው ስልክ ላይ እንዳለ ነገርኳቸው፤ እጃቸውን መስታወቱ ላይ አሳለፉበት። ከዚያ ማን እንዳነሳው ሰዎች ጠይቀው እንደሆነ ጠየቁኝ። የአልጋ ልብሱን አነሳሁና ስንት ረድፍ ቀረ አልኳቸው።

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

ተደወለልኝ። በዕውቀቱ የሚባል፣ የገበያው ፎቶዎች ተቆጣጣሪ ነው፤ ትሑት ሰው ነው። ፎቶዎቹን ያነሱት እርስዎ ነዎት ወይ አለኝ። ቅጹ ላይ እንደተጻፈው ነው አልኩ። በጣም ጥሩ፣ ታዲያ ጀርባቸው ላይ «ፎቶ ኣምባዬ፣ ልደታ» የሚል ማህተም አለ፤ ኣምባዬ እርስዎ ነዎት ወይ አለኝ።

የሌባ ነገር። የሰረቀውን ማህተም በገዛ እጁ ስካን አድርጎ የሚለጥፍ ሌባ ከኛ በቀር የለም።

ብናወርዳቸውም አይበቃም አለ። በመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ላይ የሐሰት ቅጽ ተጨምሮበታል። ወይ ኣምባዬ የተባለው ሰው የፈረመበት ፈቃድ እስከ ነሐሴ 30 ይመጣል፣ ወይ ገጹ ይዘጋል።

ራኒያ አለቀሰች። ጥፋቱ የኔ ነው አለች። አይደለም አልኳት፤ ለምን እንዳልሆነ ግን አልነገርኳትም።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

ኣምባዬ ማነው ብላ ጠየቀችኝ። የሰፈር ፎቶ አንሺ ነበር አልኳት። በሕይወት አለ? አላውቅም አልኩ።

አለ። ፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ ጃንጥላ ሥር፣ አንድ በርጩማና አንድ ነጭ ጨርቅ ዘርግቶ ለባለጉዳዮች ጉርድ ፎቶ ያነሳል። ከስድስት ዓመት በፊት ከሚኒባስ ውስጥ አየሁት። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። እሱም ቀና ብሎ ያየኝ መሰለኝ፤ ፊቴን ወደ ሹፌሩ አዞርኩ።

ነገ እሄዳለሁ።

ነሐሴ 7

ዝናብ። አልሄድኩም።

ነሐሴ 8

እግሬን አመመኝ።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

ሄድኩ። በሩ ላይ ሰው የለም፣ ጃንጥላውም የለም። ነሐሴ ሲገባ ፍርድ ቤት ለሁለት ወር እንደሚዘጋ ሃያ ሰባት ዓመት የመንግሥት ሠራተኛ የነበረች ሴት መርሳቷ! ወይም አለመርሳቷ።

ማመልከቻ የምትጽፍ ጊፍቲ የምትባል ሴት ብቻ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ኣምባዬ ፍርድ ቤቱ ሲዘጋ ቤቱ ይውላል፣ ክረምት ጉልበቱን ያመዋል አለችኝ። አብነት ሰፈር ነው የሚኖረው፣ ከብረት በያጆቹ ጀርባ፣ ከእህቱ ጋር። ይፈልጉታል ብዬ ልንገረው አለች። አያስፈልግም አልኩ።

ባለማግኘቴ ደስ አለኝ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ብሎኝ ነው የተመለስኩት።

ነሐሴ 14፣ ረቡዕ

እጽፈዋለሁ። ለራኒያ ካልነገርኩ ለወረቀቱ ልንገር።

1984 ነው፣ ሚያዝያ። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። የኣምባዬ ፎቶ ቤት ከኛ ቤት አራት በር ዝቅ ብሎ ነበር። ከአክሱም የመጣ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ዝምተኛ ልጅ። እናቶች ሲጠሩት ካሜራውን ይዞ በየቤቱ ይሄዳል፤ ዳንቴሉን መስኮት አጠገብ አምጡልኝ፣ ብርሃኑ ከጎን ይምጣ ይላል። እኔ የመጀመሪያውን የጠረጴዛ ልብሴን ስጨርስ ፎቶ ቤቱ ይዤው ሄድኩ። ካሜራውን እይ አላለኝም። መርፌሽን እይ አለኝ። ሻሼ ወደ ትከሻዬ ተንሸራቶ ነበር፤ እኔም አልመለስኩትም።

ፎቶው ሲደርስ መስኮቱ ላይ ብሰቅለውስ ብሎ ጠየቀኝ። እሺ አልኩት። ደስ ብሎኝ ነው እሺ ያልኩት። ሁለት ቀን ሙሉ ያለ ጉዳይ በዚያ በር ተመላለስኩ፣ ራሴን ለማየት።

በሦስተኛው ቀን አባቴ ሰማ። አባቴ ከሊፋ ልብስ ሰፊ ነበር፣ የወሎ ሰው፣ ስሙ ከተነሳ የማይመለስ። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳደረገ መቀሱን ይዞ ወረደ። መስታወቱን ሰበረው። ፎቶውን ቀደደው። ኔጋቲቩን አምጣ አለና ተቀብሎ ሰው ፊት ቆራረጠው። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

«ፈቅደሽለታል?»

«አላውቅም» አልኩ።

እኔ ካላወቅሁ ማን ነው የሚያውቀው? ኣምባዬ አየኝ። ምንም አላለም።

ሽማግሌ ተቀመጠ። የሰው ልጅ ፎቶ ሳያስፈቅድ ሰቅሏል ተባለና የአባቴን ጉልበት ስሞ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ወዲያ ሴት ልጁን የሚልክለት ጠፋ። በስድስት ወሩ ፎቶ ቤቱ ተዘጋ፣ ቦታውን ወፍጮ ቤት ያዘው። እኔ በዚያው ዓመት ተዳርኩ።

የፈቀድኩት በቃል ነው። ዝም ያለው ማስረጃ ስላልነበረው ነው። ቢኖረው ኖሮ ያወጣው ነበር። ይህን ለራሴ ሠላሳ ሦስት ዓመት ስነግር ኖሬያለሁ።

ነሐሴ 19፣ ሰኞ

ለእትዬ ኡሙልኸይር የገጹን ነገር ነገርኳቸው፤ ፈቃድ ከኣምባዬ ማምጣት እንዳለብኝም። የአልጋ ልብሱ አልቋል፤ ታጥቦ ተጣጥፎ ሶፋው ላይ ተቀምጧል። የራሳቸውን የፎቶ ምኞት አላነሱም።

«ያን ቀን ደጄ ላይ ቆሜ ነበር» አሉኝ። «አባትሽ ሲጠይቅሽ ሰምቻለሁ፣ ስትመልሺም ሰምቻለሁ። ያን ሰሞን በዚያ በር ስትመላለሺም አይቼሻለሁ።»

ለምን ያኔ አልተናገሩም አልኳቸው። እሳቸውም የሚዳሩ ሴት ልጆች ነበሯቸው።

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

አብነት። በሩን ለተኪዳን የምትባለው እህቱ ከፈተችው። ሳልናገር አወቀችኝ።

«የልብስ ሰፊው ልጅ» አለች። ስሜን አልጠራችም።

ወንድሟ ለሕክምና ወጥቷል። ምን እንደፈለግሁ ጠየቀችኝ። ፊርማ ነው ስላት ሳቀች፤ የደስታ ሳቅ አልነበረም። ቢሆንም ማክሰኞ ተመለሽ አለችኝ። ስመለስ ብረት በያጆቹ ጋ ዓይኔ ቢያለቅስ ብየዳውን አይቼ ነው ብል ማንም ያምናል።

ነሐሴ 27፣ ማክሰኞ

ሁሉንም ልጻፍ።

መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ጉልበቱ ላይ ጋቢ ጣል አድርጎ። እንደምን አሉ፣ ጉልበትዎን እንዴት አደረግዎት አልኩት። አራት በር ዝቅ ብሎ የነበረ ሰው ከመቼ ወዲህ ነው እርስዎ የሚባለው አለኝ። ልጆቹ አድገው ወጥተዋል፣ ሚስቱ ቢሾፍቱ ከልጇ ጋር ናት፣ እሱ ግን ከልደታ መራቅ አልሆነለትም። ለተኪዳን ሻይ አስቀምጣ በሩ ላይ ቆመች።

የገጹን ነገር ነገርኩት። ፎቶዎቹን በስልኬ አሳየሁት፤ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብሎ አየ። ይሄ ጠዋት ነው፣ ይሄ ከሰዓት ነው ይላል፤ ሰዎቹን ሳይሆን ብርሃኑን ነው የሚያስታውሰው። ቦኖው ጋ ሲደርስ ቆየ። ከዚያ የእኔ ስም አንሺ ተብሎ እንደተሞላም ነገርኩት። ይሄን አለመናገር እችል ነበር። ተናገርኩ።

ራኒያ ያዘጋጀችውን የፈቃድ ወረቀት ሰጠሁት። መነጽሩን ጠርጎ ከላይ እስከ ታች አነበበው።

«ይሄ አንሺው የሚፈርምበት ነው» አለ። «የተነሱትስ የት ነው የሚፈርሙት?»

ያንን አልጠየቁንም አልኩ።

«እኔ አስፈርም ነበር።»

ተነሳ። ጉልበቱ እያመመው ከአልጋው ሥር የብስኩት ቆርቆሮ አወጣ። ውስጡ የካርኒ ጥራዞች ናቸው፤ ፎቶ ቤት ቁጥር የሚሰጥበት ካርኒ፣ ለሰው ከተቀደደ በኋላ ጉርዱ የሚቀረው። አንዱን አነሳ። ገጹን አልፈለገውም፤ እጁ ያውቀዋል። ገልብጦ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠው።

ከጉርዱ ጀርባ በእሱ ጽሑፍ «ፎቶዬ መስኮት ላይ እንዲሰቀል ፈቅጃለሁ» ይላል። ከሥሩ በሰማያዊ እስክሪብቶ ስሜና ፊርማዬ። ያን ጊዜ ፊደሌን ወደ ግራ አዘነብል ነበር። እጄን አወቅሁት። ከሥሩ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀኝ «ከላይ በኩል ይሁን» ብዬ ጨምሬያለሁ፣ ሰው ሁሉ እንዲያየኝ።

እንዴት ረሳሁት? ረስቼው ነበር ወይ?

«ይሄ እያለህ ለምን አላሳየኸውም?» አልኩት።

ወረቀቱን እንጂ እኔን አላየኝም።

«መስታወቱ ተሰብሯል፣ ኔጋቲቩም ተቆርጧል» አለ። «ይሄን ባሳየው የምትቀሪው አንቺ ብቻ ነበርሽ። አባትሽ ደግሞ መቀሱን ገና አላስቀመጠም።»

ለተኪዳን በሩን ትታ ወደ ጓሮ ሄደች። ይሄን እሷም ዛሬ ነው የሰማችው መሰለኝ።

አለቀስኩ፣ ምንም አልደበቅሁም። አውቅ ነበር፣ አላውቅም ያልኩት ውሸቴን ነው፣ ቤትህን ያዘጋሁት እኔ ነኝ አልኩት። ምንም አይደለም አላለኝም። እንዲያ ባለማለቱ ነው ደግ ያደረገልኝ።

«አንቺን ይቅር ካልኩሽ ቆየ» አለኝ። «ፎቶ ቤቱ ግን አሁንም ይናፍቀኛል።»

ከዚያ ፈረመ። አሥራ አራቱንም ቁጥር ጽፎ፣ በእያንዳንዱ ሥር ስሙ እንዲገባ፣ እትዬ ኡሙልኸይርም ለራሳቸው ፎቶ እንዲፈርሙ አዝዞ። ማህተሙ እስካሁን አለው። ቀለሙ ደርቋል፤ ለተኪዳን ጠብታ ውሃ አምጥታ አረጠበችው።

ነሐሴ 29፣ ሐሙስ

ለራኒያ ሁሉንም ነገርኳት። እሷም አሥራ አራቱን ቅጽ ስሜን እየሰረዘች ሞላች፣ ለበዕውቀቱም ማን የሐሰት ቅጽ እንደሞላና ማን ዝም እንዳለ ጻፍን። እትዬ ኡሙልኸይር ፈረሙ፤ እጃቸውን መስመሩ ላይ ያስያዝኳቸው እኔ ነኝ፣ ፊርማው ግን የራሳቸው ነው።

ኣምባዬ ዛሬ ከሰዓት በራይድ መጣ። እትዬ ኡሙልኸይር ቤት የአልጋ ልብሱን አነሳው። አልጋውን ከግድግዳው አላቀቅነው፣ መጋረጃውን በግማሽ ከፈትነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ዝናቡ ፋታ እስኪሰጥ ጠበቀ። «ከጎን ገባ» አለና አነሳ። አራት ብቻ። እሳቸው ድምፁን ሲሰሙ «ያ ልጅ አረጀ» አሉ።

መስከረም 17 ቀን 2018፣ ቅዳሜ

ገጹ አለ። ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ተመዝግቦብናል፤ ይገባናል።

የአልጋ ልብሱን የሐዋሳ ሴት ወሰደችው። ዛሬ ፎቶ ላከች። ሰማያዊ ግድግዳ፣ ሰፊ አልጋ፣ ላዩ ላይ የእሳቸው አሥራ አንድ ወር። ከሥሩ «ገጻችሁ ላይ መለጠፍ ትችላላችሁ፣ ፈቅጃለሁ» ብላለች፤ ሳንጠይቃት። እትዬ ኡሙልኸይር ስልኩን ቀኝ ዓይናቸው ላይ አስጠግተው ብዙ ቆዩ። መስኮቱ በየት በኩል ነው አሉ። በስተግራ አልኳቸው። ጥሩ ቤት ነው አሉ።

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ፍርድ ቤት ተከፈተ። ክር ልገዛ በዚያ በኩል ሄድኩ። ጭቃ የለም። ድንጋይ ከተነጠፈ ዓመታት ሆኖታል።

ጃንጥላው ሥር በርጩማው ላይ ተቀመጥኩና ጉርድ አንሳኝ አልኩት። ለምን ጉዳይ ነው አለ። ለምንም አልኩት። አነሳኝ። ከአጠገቡ ሰው እንዲያይ የሚሰቅልበት ትንሽ ሰሌዳ አለችው፣ ሁለት ጠበቆችና አንድ ሽማግሌ ተለጥፈውባታል። ካርኒውን ገልብጦ እስክሪብቶ ሰጠኝ።

ሙሉ ስሜን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ቀኑንም ጨመርኩ። ከሥሩ «ከላይ በኩል ይሁን» አልኩ።